ሽቫቦች ቆጥቋጣ፣ ምሥራቆች አልቃሻ? ጀርመኖች እርስ በርስ የሚሰጣጡት ስም ምን ያህል እውነት ነው

ጥያቄ፦ «ለነርስነት የሙያ ሥልጠና (አውስቢልዱንግ) ከሁለት ቦታ ተቀብለውኛል፤ አንዱ ሽቱትጋርት፣ ሌላው ላይፕዚግ ነው። ፍራንክፈርት የሚኖር የአጎቴ ልጅ ‹የሽቱትጋርት ሽቫቦች ቆጥቋጣዎች ናቸው፤ ቆሻሻሽን እንዴት እንደምትጥዪ ሳይቀር ይቆጣጠሩሻል። ምሥራቆቹ ደግሞ ሲያለቅሱ የሚውሉ፣ የውጭ ሰው የማይወዱ ናቸው። ከቻልሽ ኮሎኝ ፈልጊ፤ እዚያ ሰው ደስተኛ ነው› አለኝ። ሰሜኖቹ አይናገሩም፣ ባቫሪያዎች ይኮራሉ ሲባልም እሰማለሁ። ይህ እውነት ነው? ለውሳኔዬስ ልጠቀምበት?»

ምላሽ፦ የአጎትዎ ልጅ የነገሩዎት የስደተኛ ሐሜት ብቻ አይደለም። ጀርመኖች ራሳቸው በቀልድ መድረክ፣ በምርጫ ቅስቀሳና በሥራ ቦታ እርስ በርስ የሚባባሉት ስለሆነ «ፈጠራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይሆንም። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ፍረጃ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣብቀው ይገኛሉ። አንደኛው ስለ አካባቢው ታሪክ፣ ሕግና ኢኮኖሚ የሚናገረው ክፍል ሲሆን ብዙ ጊዜ ሥር አለው። ሁለተኛው ነገ በደረጃ ላይ የምታገኟት ጎረቤት ምን ዓይነት ጠባይ እንዳላት የሚተነብየው ክፍል ነው፤ እርሱ ለውሳኔ የሚበቃ ክብደት የለውም።

ፍረጃዎቹን በዛሬዎቹ 16 ክልሎች ካርታ ላይ መደልደልም ስሕተት ነው። ጀርመን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1871 ነው (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የነበሩት የመሳፍንት ግዛቶች፣ ነጻ ከተሞችና የጳጳሳት ርስቶች የየራሳቸው ሕግና ሃይማኖት ነበራቸው፤ ስድቡም ሙገሳውም የሚከተለው ያንን የቀድሞ ድንበር ነው። ሽቱትጋርት የምትገኝበት ባደን-ቩርተምበርግ በ1952 በውሕደት የተፈጠረ ክልል ነው፤ የካርልስሩሄን ወይም የፍራይቡርግን ሰው «ሽቫብ» (በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ያለው የሽቫብያ አካባቢ ተወላጅ) ብለው ቢጠሩት ቅር ይለዋል፣ እርሱ የባደን ሰው ነውና። በአንጻሩ አውግስቡርግና አካባቢዋ የሽቫቦች አገር ሆነው ሳለ በባቫሪያ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ኑረምበርግም እንዲሁ በባቫሪያ ሥር ትሁን እንጂ ሕዝቧ ፍራንክ የሚባል ሌላ ወገን ነው፤ አካባቢው ወደ ባቫሪያ የተጠቃለለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ስለሆነ «ባቫሪያዊ ነህ» መባልን የማይወዱ ብዙዎች ናቸው። ዓለም የጀርመን መለያ አድርጎ የሚያየው የቆዳ ቁምጣ በመሠረቱ የአልፕስ ተራሮች ግርጌ ልብስ ነው። ከ1945 በኋላ የአሜሪካ ጦር በዋነኛነት የያዘው ባቫሪያንና አጎራባቾቿን በመሆኑ፣ ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ይዘው የተመለሱት የጀርመን ምስል የዚያው አካባቢ ምስል ሆነ። ሃምቡርግ ላይ ያንን ቁምጣ ለብሶ የሚሄድ ሰው እንደ እርስዎ እንግዳ ሆኖ ይታያል።

አሁን ወደ ሽቱትጋርት እንምጣ። የሽቫቦች ቆጣቢነት ከአፈ ታሪክ ያለፈ መነሻ አለው። በአብዛኛው የቀድሞ ቩርተምበርግ የነበረው የውርስ ሥርዓት መሬትን ለልጆች ሁሉ እኩል የሚያከፋፍል ነበር፤ ርስቱ በሙሉ ለአንድ ልጅ በሚተላለፍባቸው አካባቢዎች ያልታየ መቆራረስ ያስከተለውም ይኸው ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ ማሳው እየጠበበ ሲሄድ ገበሬው በእርሻው ብቻ መኖር ስላልቻለ ቤቱ ውስጥ ሸማ ሠራ፣ ብረት ቀጠቀጠ፣ የቀረው ደግሞ ወደ አሜሪካና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተሰደደ። አገሩ የድንጋይ ከሰል ያልታደለ መሆኑም በእጅ ሙያና በጥቃቅን ትክክለኛ ሥራ ላይ እንዲያተኩር ገፋፋው። በዚህ ላይ ፒየቲዝም የሚባለው ጥብቅ የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ ሥራን፣ ልከኝነትንና ራስን መመርመርን ሲያስተምር ኖረ። ሮበርት ቦሽ በ1886 ሽቱትጋርት ላይ አነስተኛ ወርክሾፕ ሲከፍት የተቀበለው በዚህ መንገድ የሠለጠነ የሰው ኃይል ነው። በነገራችን ላይ፣ ሽቫቦች አጥብቀው የሚኮሩበት አውቶሞቢል በዚያው ዓመት በካርል ቤንዝ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት ማንሃይም ላይ፣ በባደን ምድር ነው፤ ይህን ባደኖች ሳያነሡ አያልፉም።

ሃይማኖትን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማክስ ቬበር በ1904 እና 1905 ባሳተመው ጽሑፍ ፕሮቴስታንታዊ የሥራ ሥነ ምግባር ለካፒታሊዝም መንፈስ መሠረት እንደሆነ ካመለከተ ወዲህ፣ ትጉሁን ፕሮቴስታንት ከዘና ያለው ካቶሊክ ጋር ማነጻጸር የተማሩ ሰዎች ፍረጃ ሆኖ ቆይቷል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ዛሻ ቤከርና ሉድገር ቮስማን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የፕሩስያ አውራጃዎች መረጃ መርምረው በ2009 ያሳዩት ግን፣ የፕሮቴስታንት አውራጃዎችን ብልጫ በአብዛኛው የሚያስረዳው ማንበብና መጻፍ መሆኑን ነው። ሉተር ምእመኑ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ እንዲያነብ ስለፈለገ ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ ገንዘቡን ያመጣው ከጠባዩ ይልቅ ፊደሉ ነው ማለት ነው። ዛሬ ከሀብታሞቹ ክልሎች ግንባር ቀደም የሆነችው ባቫሪያ በታሪኳ በአብዛኛው ካቶሊክ መሆኗም የድሮውን ሐሳብ አይደግፍም።

ታዲያ የዛሬ ሽቫብ ቆጥቋጣ ነው? ባደን-ቩርተምበርግ ከገቢው የሚቆጥበው ድርሻ ከብዙ ክልሎች ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ገቢውም ከፍ ያለ ነው፣ ከፍተኛ ገቢ ያለው ሰው ደግሞ በየትም አገር የበለጠ ይቆጥባል። «ሥራ፣ ሥራ፣ ቤትህን ሥራ» የሚለው የሽቫቦች አባባል በመላው ጀርመን ቢታወቅም፣ በራሱ ቤት የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ ከፍተኛ የሆነው በትንሿ ዛርላንድ ነው፤ ዝቅተኛው በርሊን ነው። አንጌላ ሜርክል በ2008 መጨረሻ የገንዘብ ቀውሱ ሲፋፋም፣ እዚያው ሽቱትጋርት በተካሄደው የፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ «የሽቫብ የቤት እመቤትን ብትጠይቁ ከአቅም በላይ መኖር እንደማይቻል በነገረቻችሁ» የሚል መልእክት ያለው ንግግር አድርገው ነበር። አንድ ዓይነት ጠባይ ተናጋሪው ሲወደው ቁጠባ፣ ሲጠላው ቁጥቋጣነት ይባላል።

የቆሻሻው ነገር ደግሞ ከጠባይ ጋር የሚያገናኘው የለም። በሽቱትጋርት አካባቢ ኬርቮኸ የሚባል የጽዳት ተራ አለ፤ በተራዎ ሳምንት ደረጃውን፣ መተላለፊያውንና አንዳንዴም የቤቱን ደጅ ያጸዳሉ፣ ተራው የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ ሰሌዳ በር ላይ ይንጠለጠላል። ልማዱ ለዘመናት የቆየ ሲሆን ዛሬ የሚያስገድደው በኪራይ ውልዎ ወይም በቤቱ ደንብ ውስጥ የተጻፈ ከሆነ ነው። ጎረቤት በርዎን አንኳኩቶ ቢያስታውስዎ የውል ግዴታ እያስታወሰዎ እንጂ እየሰለለዎ አይደለም፤ ከአናቶሊያም ይምጣ ከሲሲሊ፣ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ያለው ተከራይ ሁሉ ያው ደንብ ይመለከተዋል። ወረቀቱን፣ ፕላስቲኩንና የምግብ ትርፍራፊውን ለይቶ መጣል በላይፕዚግም ይጠበቅብዎታል። ከ10 የሽቱትጋርት ነዋሪዎች ከ4 በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ከውጭ የመጡ ስለሆኑ፣ በሥራ ቦታዎ በቁጥር ጥቂት የሚሆነው የጥንቱ ሽቫብ ሊሆን እንደሚችል አይርሱ።

ማን በማን ላይ እንደሚቀልድ ማየት የፍረጃውን ምክንያት ቶሎ ያሳያል። ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን በ1990 ከተዋሐዱ በኋላ ገንዘብ ያላቸው የደቡብ ሰዎች በርሊን ፕሬንዝላወር ቤርግ ወደሚባለው ሰፈር በብዛት ሲገቡና ኪራይ ሲንር፣ ግድግዳ ላይ «ሽቫቦች ይውጡ» የሚል ጽሑፍ ታየ። በ2012 መጨረሻ የዚያው ሰፈር ነዋሪ የሆኑት የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ቮልፍጋንግ ቲርዘ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር በሽቫብኛ መናገር ጀመረ ብለው ማማረራቸው ለሳምንታት አገር አነጋገረ። ክርክሩ ሁሉ ስለ ዳቦ ቢመስልም ቁጣው የቤት ኪራይ ቁጣ ነበር። ባቫሪያም ከ1950 ጀምሮ እስከ 1986 ድረስ ከሀብታም ክልሎች ድጎማ ተቀባይ የነበረች የገበሬ አገር ነበረች፤ ያኔ የሚቀለድባት «ኋላ ቀር» ተብላ ነበር። ዛሬ ትልቋ ከፋይ ስትሆን ቀልዱ «ትዕቢተኛ» ወደሚል ተለወጠ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፤ የተለወጠው የገንዘቡ አቅጣጫ ነው። ይህች ትጉህ የተባለች ክልል በሕዝብ በዓላት ብዛት ከሁሉም ትበልጣለች፤ በክልሉ ያለችው አውግስቡርግማ ነሐሴ 8 ቀን የራሷ የሰላም በዓል ስላላት ጨምራ ትዘጋለች።

የዛክሰን ዘዬ ዕጣም ተመሳሳይ ነው። ላይፕዚግና ድሬስደን የሚገኙበት የዚህ ክልል ንግግር ዛሬ በየመጠይቁ ከማይወደዱት ዘዬዎች ግንባር ቀደም ነው፤ ሆኖም በሉተር ዘመን በዚያው በዛክሰን ያለችው የማይሰን መሥሪያ ቤቶች ጽሕፈት ለመላው አገር አርአያ ነበር። የዘዬው ክብር የወረደው ዛክሰን በፕሩስያ ፊት የፖለቲካ ክብደቷን ስታጣ ነው፤ በኋላም የምሥራቅ ጀርመን መሪ የላይፕዚጉ ተወላጅ ቫልተር ኡልብሪኽት በዚያ ዘዬ መናገራቸው ምዕራቡ የሚስቅበትን ምክንያት ጨመረለት።

ያለ ምንም መሠረት የተወለደም ፍረጃ አለ። በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ያሉት ምሥራቅ ፍሪዞች ሞኞች ናቸው የሚለው ቀልድ የተነሣው በ1960ዎቹ መጨረሻ ቬስተርሽቴደ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚታተም የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ነው፤ የአጎራባች አውራጃ ልጆች እርስ በርስ ሲበሻሸቁ የጻፉት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገር ቀልድ ሆነ። ስለ ፍሪዞች እውነተኛው ነገር ሻይ መውደዳቸው ነው፤ በነፍስ ወከፍ በዓመት 300 ሊትር ገደማ ይጠጣሉ። ሰሜኖች አይናገሩም የሚባለውም በአመዛኙ የሰላምታ ልማድ ልዩነት ነው፤ በጠዋትም በማታም «ሞይን» ብሎ ማለፍ እዚያ ንቀት አይደለም። የኮሎኝ ደስታ በበኩሉ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ ካርኒቫሉ ከዐቢይ ጾም በፊት የሚውል የካቶሊኮች ቅበላ ሲሆን የእኛን የሁዳዴ ቅበላ በአደባባይ ያደረገ ያህል ነው። ከጾሙ በኋላ የኮሎኝም ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ወደዚያ የሚጠራዎት ውል ስለሌለ ከዚህ በላይ አላነሣውም።

ምሥራቁን በተመለከተ ግን ሰፋ ማድረግ ግድ ነው፤ «አልቃሻ» እና «የውጭ ሰው የማይወድ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸውና። የመጀመሪያው ክስ ሥራውን ያላጣ ሰው ሥራውን ላጣው የሰጠው ስም ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1990 ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ፣ ትሮይሃንድ የተባለው የመንግሥት ተቋም በሺህ የሚቆጠሩ የምሥራቅ ድርጅቶችን ሸጠ ወይም ዘጋ፤ የሥራ አጡ ድርሻ ለረጅም ዓመታት ከምዕራቡ እጥፍ ገደማ ሆኖ ቆየ፤ ወጣቱ፣ በተለይም ወጣት ሴቶች፣ ወደ ምዕራብ ፈለሱ። እስከ ዛሬ በፍርድ ቤት፣ በዩኒቨርሲቲና በትላልቅ ኩባንያዎች አመራር ላይ የምሥራቅ ተወላጆች ቁጥር ከሕዝቡ ድርሻ በታች ነው። ምሥራቆቹም «ሁሉን አዋቂ ምዕራቤ» የሚል የአጸፋ ስም አውጥተው በ1991 የዓመቱ ቃል ተብሎ ተመርጧል። ፍረጃው የሥራ ዕድል እስከ መዝጋት እንደሚደርስ የሚያሳይ ጉዳይም አለ፦ አንዲት የምሥራቅ ተወላጅ ለሒሳብ ሥራ አመልክታ የተመለሰላት ወረቀት ላይ የመቀነስ ምልክትና «ኦሲ» (ምሥራቄ) የሚል ጽሑፍ አገኘች፤ ጉዳዩን የተመለከተው የሽቱትጋርት የሥራ ፍርድ ቤት በ2010 የምሥራቅ ጀርመኖች በሕጉ ትርጉም ብሔር ስላልሆኑ በእኩልነት ሕጉ ካሳ ሊጠይቁ አይችሉም ብሎ ወሰነ።

በምሥራቁና በምዕራቡ መካከል በእርግጥ የሚለኩ ልዩነቶች አሉ። በምሥራቁ አብዛኛው ሕዝብ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለም፤ እናቶች በሙሉ ሰዓት መሥራታቸውና ሕፃናትን ከትንሽነታቸው መዋያ ማስገባት ከምዕራቡ ይልቅ የተለመደ ነው። ይህ የ40 ዓመት የተለያየ መንግሥትና ፖሊሲ ውጤት ነው። ልጅ ካለዎት ወይም ለመውለድ ካሰቡ፣ ይህ ልዩነት ከ«አልቃሻነት» ወሬ ሁሉ የበለጠ ኑሮዎን ይነካዋል።

ሁለተኛውን ክስ እንደ ፍረጃ አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ስደተኛን አጥብቆ የሚቃወመው ኤኤፍዴ ፓርቲ በመስከረም 2024 በቱሪንገን ምርጫ 32.8 ከመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጥቷል፤ በዛክሰንም 30.6 ከመቶ አግኝቷል። በ2025 የአገር አቀፍ ምርጫም ድምፁ በጠቅላላ 20.8 ከመቶ ሲሆን በአምስቱም የምሥራቅ ክልሎች ቀዳሚ ነበር። በዘረኝነት የተፈጸሙ ጥቃቶችም ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ በምሥራቁ ከፍ ብለው ሲመዘገቡ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በ1993 አምስት ሰዎች በእሳት የተገደሉበት ዞሊንገንም፣ በ2020 ዘጠኝ ሰዎች በዘረኛ ጥይት የወደቁበት ሃናውም በምዕራብ ናቸው፤ ሃናው እንዲያውም የአጎትዎ ልጅ ከሚኖሩባት ፍራንክፈርት አጠገብ ነች። ዛክሰንም አንድ ወጥ አይደለችም፤ የላይፕዚግ ደቡባዊ የምርጫ ክልል በ2021ም በ2025ም የግራ ፓርቲ ዕጩን መርጧል። ከተማዋ ለኢትዮጵያውያንም አዲስ አይደለችም፤ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከሄዱት ብዙዎቹ ጀርመንኛን የጀመሩት በላይፕዚጉ ሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። ስለዚህ በላይፕዚግ ከተማ መኖርና ከከተማዋ ወጣ ባለች ትንሽ ቀበሌ መኖር ለጥቁር ሴት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም፤ ይህ የጠባይ ፍረጃ ሳይሆን የቦታ ጥንቃቄ ነው። በየትኛውም ከተማ በዘርዎ ምክንያት በሥራ ቦታ አድልዎ ከደረሰብዎ ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእኩልነት ሕግ ይጠብቅዎታል፤ የካሳ ጥያቄዎን በጽሑፍ ማቅረብ ያለብዎ ግን በሁለት ወር ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ዘር አይተው «ጥንታዊ የዛክሰን ሰው»፣ «ንጹሕ የሰሜን ሰው» የሚሉትንም በጥርጣሬ ይስሟቸው። ከ1945 በኋላ 12 ሚሊዮን ገደማ ጀርመኖች ከዛሬዎቹ የፖላንድ፣ የቼክና ሌሎች ግዛቶች ተባርረው በየክልሉ ሰፍረዋል፤ በሜክለንቡርግ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው እነርሱ ነበሩ። ጠባይ በአፈር የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚገባበት ሣጥን ባልተገኘ ነበር። በብሔራዊ ደረጃም ቢሆን በ49 ባህሎች ላይ ተካሂዶ በ2005 የታተመ ጥናት፣ ሰዎች ስለ አገራቸው ጠባይ የሚያምኑት ነገርና ግለሰቦች ሲለኩ የሚገኘው አማካይ እንደማይገጣጠሙ አሳይቷል።

ምክሬ ይህ ነው። የሰሙትን ፍረጃ ከውሳኔዎ ያውጡና ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሁለቱም ተቋማት የሕዝብ ዘርፉ የደመወዝ ስምምነት የሚሠራባቸው ከሆኑ የሥልጠና ክፍያው በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው፤ የሽቱትጋርት ኪራይ ግን ከአገሪቱ ውድ ከሚባሉት ነው። ስለዚህ የላይፕዚጉ ሥራ በእርግጥ ከተማው ውስጥ ከሆነና ተቋሙ ማደሪያ የሚሰጥ ከሆነ ላይፕዚግን ይምረጡ። ማስታወቂያው «ላይፕዚግ» እያለ በውሉ ላይ ያለው የሥራ አድራሻ ግን በባቡር አንድ ሰዓት የሚርቅ የገጠር ከተማ ከሆነ፣ ወይም የሽቱትጋርቱ ብቻ ማደሪያ ካለው፣ ሽቱትጋርትን ይያዙ። ከመፈረምዎ በፊት አድራሻውን፣ የሚሠራበትን የደመወዝ ስምምነት ስምና የማደሪያውን ኪራይ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከተቻለም እዚያ በመሠልጠን ላይ ካለች የውጭ ተወላጅ ጋር እንዲያገናኙዎ ይንገሯቸው። በሁለቱም ከተሞች አረጋውያን ታካሚዎች የሚያናግሩዎት በየዘዬያቸው ስለሚሆን የቋንቋ ምስክር ወረቀትዎ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አይበቃዎትም፤ ተቋሙ በሥራ ሰዓት የቋንቋ ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከደብዳቤዎ አያስቀሩ።